ቻርጀሩ ከካርቶኑ ወጣ፤ ዋጋው ግን አልወጣም

አዲስ ስልክ ገዝቶ ካርቶን መክፈት የራሱ ደስታ አለው። ላስቲኩን ትልጣላችሁ፤ ክዳኑ ቀስ ብሎ ይነሳል። ስልኩን ታወጣላችሁ። ከሥሩ ወረቀት አለ። ከወረቀቱ ጋር የሲም ማውጫዋ ቀጭን ሽቦ አለች። ቀጥሎ ገመድ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ካርቶኑን ገልብጣችሁ ብታራግፉትም የለም። ገመዱን አንስታችሁ ስታዩት ሁለቱም ጫፉ ሞላላ ነው። ቤት ያለው የቻርጀር ራስ ደግሞ ቀዳዳው አራት ማዕዘን። ታዲያ ይህ ገመድ ምን ላይ ይሰካል?

ነገሩ ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ክርክሩ ግን አልበረደም። አንዱ ወገን «ለአካባቢ ጥበቃ ነው» ይላል። ሌላው «ኪሳችንን ለማራቆት ነው» ይላል። እኔ ሁለቱም እውነት ይዘዋል ባይ ነኝ። ይህን የምለው መሀል ለመስፈር ብዬ አይደለም። ሐሳቡ ትክክል ነበር። አፈጻጸሙ ላይ ግን ትርፉ ለአንዱ ደረሰ፣ ጣጣው ለሌላው ተረፈ። የሚያነጫንጨንም ከቻርጀሩ ይልቅ ይህ ክፍፍል ይመስለኛል።

እስቲ ከመነሻው እንያዘው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኦክቶበር 2020 አፕል አይፎን 12ን ሲያስተዋውቅ ቻርጀሩንም የጆሮ ማዳመጫውንም ከካርቶኑ አወጣ። የኩባንያው የአካባቢ ጉዳዮች ኃላፊ ሊሳ ጃክሰን ምክንያቱን ሲያስረዱ ቁጥር ደረደሩ። በዓለም ላይ ከ2 ቢሊዮን በላይ የአፕል ቻርጀር አለ አሉ፤ ያውም የሌሎች አምራቾች ሳይቆጠር። ካርቶኑ ስላነሰ አንድ ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ) ላይ 70 በመቶ ተጨማሪ ስልክ ይደረደራል። ለአይፎኑና ለአፕል ሰዓቱ የተደረጉት ለውጦች ሲደመሩ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ካርቦን ያስቀራሉ። ይህ 450 ሺህ መኪና ከመንገድ እንደማውጣት ነው ተባለ።

ሳምሰንግ ወዲያው ሙድ ያዘ። ፌስቡክ ላይ የቻርጀር ፎቶ ለጥፎ፣ የእኛ ስልክ ግን ይህን ይዞ ይመጣል የሚል መልእክት አሰፈረበት። ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 2021፣ ጋላክሲ ኤስ21 ወጣ። ያለ ቻርጀር። ያ ልጥፍ በመሀል ከገጹ ተነስቷል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ቅጂው ግን ዛሬም ይዞራል። በዚያው ዓመት ጉግልም በፒክስል 6 ተከተለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ፌርፎን የሚባለው የኔዘርላንድ አምራች ከጅምሩ፣ ከ2013 ጀምሮ፣ ስልኩን ያለ ቻርጀር ነው የሚሸጠው። ያን ያህል ሲጮህበት አልሰማሁም። የሚሠራው ስልክ ገዢው ራሱ ፈትቶ ባትሪና ስክሪን የሚቀይርለት ነው። ለአካባቢ ብዬ ነው ሲል ሥራው ይመሰክርለታል። ሰው ያኮረፈው ምክንያቱን አላምን ብሎ እንጂ ቻርጀር አጥቶ ብቻ አይመስለኝም።

የአፕል ቁጥሮች ውሸት ናቸው አልልም። ያቺን 70 በመቶ ግን ጠጋ ብላችሁ እዩዋት። ፓሌቱ ላይ ብዙ ስልክ ከተጫነ ለአንድ ስልክ የሚቃጠለው ነዳጅ ያንሳል። ጭሱ ይቀንሳል። የማጓጓዣ ሂሳቡም አብሮ ይቀንሳል። ቁጥሯ አንድ ናት፤ የምትጻፈው ግን ሁለት መዝገብ ላይ ነው። መድረክ ላይ የተነበበልን የጭሱ መዝገብ ነው። የገንዘቡ መዝገብ አልተነበበም።

ዋጋውን ደግሞ እንይ። አይፎን 11 በ2019 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ መነሻው 699 ዶላር ነበር። ቻርጀር የሌለው አይፎን 12 በ799 ዶላር ጀመረ። ቻርጀሩን ለብቻው የፈለገ ደግሞ 19 ዶላር ይጨምራል። ለፍትሕ ያህል፣ አዲሱ ስልክ 5ጂ ነበረው፤ ስክሪኑም ተሻሽሏል። ሳምሰንግ በበኩሉ ኤስ21ን ከኤስ20 በ200 ዶላር ቀንሶ ነው ያወጣው። እሱ ላይም ጀርባው ከመስታወት ወደ ፕላስቲክ ወርዶ ነበር። ታዲያ ከዚህ ሁሉ መጨመርና መቀነስ ውስጥ የቻርጀሩ ድርሻ ስንት ነው? ደረሰኝ ላይ የተጻፈለት ገዢ የለም። ቻርጀሩ ሲወጣ ሁላችንም አየን። ገንዘቡ የት እንደገባ ግን አላየንም።

ይህን በደንብ ያሳየችኝ የሻኦሚ ታሪክ ናት። ኩባንያው በ2020 መጨረሻ ሚ 11ን ቻይና ውስጥ ሲያወጣ ለአካባቢ ሲባል ቻርጀር የለውም ብሎ ነበር። ቀጥሎ ግን ሁለት ምርጫ አቀረበ። አንዱ ስልኩ ብቻ። ሌላው ስልኩ ከ55 ዋት ቻርጀር ጋር። የሁለቱም ዋጋ እኩል፣ 3,999 ዩዋን። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትወስዳላችሁ? ቻይናውያንም ያንኑ ነው የወሰዱት። ይህን አይተው «ሰው ስለ አካባቢ ግድ የለውም» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ለተመሳሳይ ዋጋ ያነሰ ውሰድ ማለት ምርጫ መስጠት አይደለም። ያለ ቻርጀር የሚወስደው ሰው ትንሽ ቅናሽ ቢያገኝ ኖሮ ውጤቱ ሌላ በሆነ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት የራሴን መሳቢያ ከፍቼ ቆጠርኩ። ሰባት የቻርጀር ራስ አገኘሁ። አንደኛው ገመዱ ከራሱ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ጫፉ ቀጭን ክብ መርፌ ናት። የእሱ ስልክ ከጠፋ ዘመን የለውም። ለምን እንዳስቀመጥኩት እኔም አላውቅም። አምስቱ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያላቸው ናቸው። አንዱ ብቻ ሞላላ ቀዳዳ፣ ማለትም ታይፕ ሲ አለው።

ቀጥሎ መነጽር አድርጌ በጀርባቸው ላይ ያለችውን ደቂቅ ጽሑፍ አነበብኩ። እናንተም ሞክሩት። «አውትፑት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ሁለት ቁጥር አለ፤ ቮልትና አምፔር። ሁለቱን ስታባዙ ዋት ይሰጣችኋል። የመጀመሪያው 5 ቮልት፣ 1 አምፔር ይላል። 5 ዋት ማለት ነው። ከራት በኋላ ተሰክቶ ሲነጋ የሚሞላ ዓይነት። ታይፕ ሲው ደግሞ 9 ቮልት፣ 2.22 አምፔር ይላል። ወደ 20 ዋት መጣ።

እንግዲህ «ቤታችሁ ቻርጀር ሞልቷል» የሚለው ክርክር እኔ ላይ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ሰባት አለኝ፤ ይሠራል። ለአዲሱ ገመድ የሚሆነው ግን አንድ ነው። አይፎን 12ም ያኔ ይዞት የመጣው ገመድ አንድ ጫፉ ታይፕ ሲ ነበር። ከነዚያ 2 ቢሊዮን ራሶች ውስጥ አብዛኞቹ ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነበሩ። ቁጥሩ ይገጥማል፤ ቀዳዳው አይገጥምም። ድሮም አይፎን የነበረው ሰው አሮጌውን ገመድ ከአሮጌው ራስ ጋር አገናኝቶ ቀስ እያለ ይሞላ ነበር። ከሌላ ስልክ ወደ አይፎን የመጣው ግን ሁለቱንም አልነበረውም።

ሌላም የተረሳ ነገር አለ። አሮጌ ስልክ ብቻውን አይሄድም። አዲስ ስትገዙ የድሮውን ትሸጡታላችሁ፣ ወይ ለታናሽ እህት ትሰጡታላችሁ፣ ወይ ለእናት ይሆናል። ቻርጀሩም አብሮ ይሄዳል። ማን ነው ስልክ ሰጥቶ ቻርጀሩን የሚያስቀር? ስለዚህ አዲሱን የገዛው ሰው ቤት መሳቢያው የሚታሰበውን ያህል ሙሉ አይደለም። የመጀመሪያ ስልኩን የሚገዛውማ መሳቢያውም ባዶ ነው።

ወደ ቴክኒኩ ትንሽ ልግባ፤ የክርክሩ ግማሽ ያለው እዚያ ነው። የዛሬ ቻርጀር ዝም ብሎ ኤሌክትሪክ አይለቅም። ከስልኩ ጋር ይነጋገራል። መጀመሪያ በ5 ቮልት ይጀምራሉ። ከዚያ ቻርጀሩ «ይህን ይህን መስጠት እችላለሁ» ይላል፤ ስልኩ ከዝርዝሩ የሚስማማውን ይጠይቃል። ሁለቱም አንድ ቋንቋ ከተናገሩ ፋስት ቻርጅ ይጀምራል። ካልተግባቡ ወደ ዝቅተኛው ይመለሳሉ፤ ስልኩ ይሞላል፣ ግን ሲንቀራፈፍ ነው። የጋራው ቋንቋ ዩኤስቢ ፓወር ዴሊቨሪ ይባላል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ልናገር። የ65 ዋት የላፕቶፕ ቻርጀር ስልክ አያቃጥልም። ደረጃውን የጠበቀ እስከሆነ ድረስ ስልኩ የሚወስደው የጠየቀውን ብቻ ነው።

ችግሩ የጋራውን ቋንቋ ሁሉም በእኩል አለመናገሩ ነው። ኦፖና ሻኦሚን የመሳሰሉ አምራቾች የየራሳቸው ፈጣን አሞላል አላቸው። 67፣ 80፣ 120 ዋት ብለው ያስተዋውቃሉ። ያ ቁጥር የሚገኘው ግን በራሳቸው ቻርጀር፣ ብዙ ጊዜም በራሳቸው ገመድ ነው። ቻርጀርን ካርቶኑ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ካቆዩት መካከል እነሱ መኖራቸው አይገርምም። የሚሸጡት ፍጥነት ነዋ! ገመድ ራሱም ይለያያል። የሳምሰንግ 45 ዋት አሞላል 5 አምፔር የሚችል ገመድ ይፈልጋል። በተራው ገመድ ብትሰኩት 45 ዋቱን አታዩትም። «ማንኛውም ቻርጀር ይሠራል» የሚለው አባባል እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም።

ካርቶኑ ውስጥ ቻርጀር ያጣ ሰው ገበያ ይወጣል። ከባዱ ጣጣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኦሪጅናሉ ውድ ነው፤ አጠገቡ ፎርጅዱ በሩብ ዋጋ ተደርድሯል። ከውጭ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ውስጥ ነው። ጥሩ ቻርጀር ውስጥ ከግድግዳው የሚመጣው ከፍተኛ ኃይልና ወደ ስልኩ የሚሄደው ዝቅተኛ ኃይል በጥንቃቄ ተለያይተው ነው የሚቀመጡት። የሚለያያቸው ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተትና ጥሩ መከላከያ ሽፋን ነው። ፎርጅድ ሠሪው የሚቆጥበው እሱኑ ነው። ዩኤል የተባለው የደህንነት ፈታሽ ድርጅት በ2016 ይፋ ባደረገው ፍተሻ 400 ሐሰተኛ የአፕል ቻርጀሮችን መርምሮ ነበር። ፈተናውን ያለፉት ሦስት ናቸው። ሦስት መቶ አይደለም፤ ሦስት።

ለብቻው የተገዛው ቻርጀርም የራሱ ካርቶን፣ የራሱ ፕላስቲክ፣ የራሱ ጉዞ አለው። ቻርጀሩ ከስልኩ ካርቶን ወጥቶ በሌላ ካርቶን ከመጣ የተጠበቀው ቁጠባ ተመልሶ ይሸረፋል። ምን ያህል ይሸረፋል የሚለው የሚወሰነው ስንት ሰው ለብቻው እንደሚገዛ ነው። ለዚህ ነው የቀዳዳው ጉዳይ ቀልድ ያልሆነው። ቤት ያለው ቻርጀር ከአዲሱ ገመድ ጋር ከገጠመ ሰው አይገዛም። ካልገጠመ ይገዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዳዳው አንድ መሆን ነበረበት፤ ቻርጀሩ ከዚያ በኋላ ይወጣል። የሆነው ተገላቢጦሽ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? አፕል ራሱ አይፎንን ወደ ታይፕ ሲ ያዞረው በ2023፣ በአይፎን 15 ነው። ቻርጀሩ ከወጣ ሦስት ዓመት ቆይቶ።

መንግሥታት ነገሩን ያዩበት መንገድ የተለያየ ነው። ቆጣ ያለችው ብራዚል ናት። የሳኦ ፓውሎ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2021 አፕልን ከ10 ሚሊዮን ሪያል በላይ ቀጣ። በሴፕቴምበር 2022 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ተጨማሪ ከ12 ሚሊዮን ሪያል በላይ ቀጥቶ ቻርጀር የሌላቸው አይፎኖች እንዳይሸጡ አዘዘ። ቀኑን ልብ በሉ፤ አይፎን 14 ሊተዋወቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በቀጣዩ ወር አንድ የሳኦ ፓውሎ ፍርድ ቤት 100 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ወሰነ። አፕልም ይግባኝ እላለሁ አለ። የብራዚሎቹ ክርክር ቀላል ነው። ስልክ ያለ ቻርጀር አይሠራም። ሳይሠራ ሸጦ የሚያሠራውን ለብቻ ማስገዛት፣ አንዱን ዕቃ ከሌላው ጋር አስገድዶ እንደ መሸጥ ነው።

ፈረንሳይ ደግሞ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ገጥሟታል። ሕፃናትን ከሬዲዮ ሞገድ ለመጠበቅ ሲባል ስልክ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር እንዲሸጥ የሚያስገድድ ሕግ ነበራት። አፕል አይፎን 12ን እዚያ ሲሸጥ የጆሮ ማዳመጫውን መጨመር ግድ ሆነበት። ቀጭኑን ካርቶን መቀየር ግን አልፈለገም። ስለዚህ ቀጭኑን ካርቶን ከጆሮ ማዳመጫው ጋር ሌላ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ከተተው። ወረቀት ለመቆጠብ የተሠራው ካርቶን ካርቶን ለበሰ። ሕጉ በኋላ ላላ፤ ከ2022 ጀምሮ ያ ነገር ቀረ።

የተሻለ መንገድ የያዘው የአውሮፓ ኅብረት ነው ባይ ነኝ። እነሱ የጀመሩት ከቀዳዳው ነው። በአንድ ወቅት 30 ዓይነት የስልክ ቻርጀር ነበር። በ2009 ከአምራቾች ጋር በበጎ ፈቃድ ተስማምተው ወደ ሦስት አወረዱት። የመጨረሻዋ ደረጃ ግን በፈቃድ አልሆን አለች። በኦክቶበር 2022 የኅብረቱ ፓርላማ በ602 ድምፅ ድጋፍ፣ በ13 ተቃውሞ ሕጉን አጸደቀ። ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች የሚሸጥ አዲስ ስልክ፣ ታብሌትና ካሜራ በታይፕ ሲ መሞላት አለበት። ላፕቶፖች እስከ ኤፕሪል 2026 ጊዜ ተሰጣቸው።

ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው የሕጉ ክፍል ሌላ ነው። ሻጩ ስልኩን ከቻርጀር ጋር የሚሸጥ ከሆነ፣ ያለ ቻርጀር የመግዛት አማራጭም ማቅረብ አለበት። ካርቶኑ ላይ ደግሞ ምልክት አለ። የመሰኪያ ሥዕል ከታየ ቻርጀር ውስጡ አለ። ሥዕሉ ላይ ሰረዝ ካለበት የለም። ከዚህ ሌላ ስልኩ ስንት ዋት እንደሚፈልግ የሚነግሩ ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ ትንሹ ስልኩ ለመሞላት ቢያንስ የሚፈልገው፣ ትልቁ በሙሉ ፍጥነት ለመሞላት የሚያስፈልገው ነው። ከሥራቸው የጋራውን ቋንቋ መናገሩ በምልክት ይጠቆማል። እነዚህን ቁጥሮች መሳቢያ ውስጥ ካለው ቻርጀር ጀርባ ጋር አስተያይቶ፣ «አለኝ፣ አያስፈልገኝም» ማለት ይቻላል። ገዢው አውቆ ሲተወው እና ሻጩ ሲያስቀርበት አንድ አይደለም።

ሕጉ አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። ያለ ቻርጀር የገዛ ሰው በስንት ይቀነስለት የሚለውን አልነካም። አምራቹ ቻርጀር ጨርሶ አላቀርብም ካለም የሚያስገድደው ነገር የለም።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው? የኅብረቱ ግምት እንደሚለው የተጣሉና ያልተነኩ ቻርጀሮች በአውሮፓ በዓመት ወደ 11 ሺህ ቶን ቆሻሻ ይሆናሉ። ሸማቹ አላስፈላጊ ቻርጀር ባለመግዛት በዓመት እስከ 250 ሚሊዮን ዩሮ ይቆጥባል። ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ቶኑ ግን ከጠቅላላው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ባወጡት ሪፖርት መሠረት በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥላለች። በአግባቡ መሰብሰቡና እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። አንዱ ቁጥር የአውሮፓ፣ ሌላው የዓለም መሆኑን አልዘነጋሁም። ቢሆንም የመጠኑን ርቀት ያሳያል።

እዚህ ላይ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ነገር ይታየኛል። ዳውላው ቻርጀሩ ነው። አህያው ስልኩ ራሱ። አንድ ስልክ በዕድሜው ከሚያስከትለው ብክለት አብዛኛው የሚመጣው ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ አይደለም። ስለዚህ ትልቁ ቁጠባ ስልኩን አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት አስረዝሞ መያዝ ነው። ባትሪው ሲደክም መቀየር፣ ስክሪኑ ሲሰበር መጠገን፣ ሶፍትዌሩ ቶሎ እንዳይቋረጥ ማድረግ። ይህ ግን ኩባንያው በየዓመቱ አዲስ ስልክ እንዳይሸጥ ያደርጋል። ቻርጀር ማስቀረት ደግሞ ሽያጩን አይነካም። የትኛው ቀድሞ እንደተመረጠ አይታችኋል። አውሮፓውያኑ ወደ አህያው የዞሩት በጁን 2025 ነው። ከዚያ ወዲህ የሚወጡ ስልኮች ባትሪያቸው 800 ጊዜ ተሞልቶም ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን መያዝ አለበት። መለዋወጫቸውም ሽያጩ ካቆመ በኋላ ለሰባት ዓመት መገኘት አለበት።

ቻርጀሩ ግን ከስልክ አልፎ ሄዷል። በኦክቶበር 2025 አፕል አዲሱን ባለ 14 ኢንች ማክቡክ ፕሮ በአውሮፓ ያለ ቻርጀር መሸጥ ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ያው ላፕቶፕ ከቻርጀሩ ጋር ነው የሚሸጠው። የአውሮፓው ሕግ የጠየቀው ምርጫ እንዲሰጥ ነበር። ኩባንያው ከምርጫው አንዱን ብቻ ወሰደ።

ተረኛው ገመዱ ይመስላል። በ2024 የወጣው የአፕል ሽቦ አልባ የጆሮ ማዳመጫ፣ ኤርፖድስ 4፣ ካርቶኑ ውስጥ የመሙያ ገመድም የለውም። ምክንያቱ ያው ነው፤ ቤታችሁ አለ። የቻርጀር ራስ እንኳ አሥር ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ሲሰኩት ይሠራል። የእኔ ሰባቱም ሶኬት ላይ ስሰካቸው ሠርተዋል። ከዚያው መሳቢያ ያወጣኋቸው ገመዶች አራት ነበሩ። ሁለቱ አንገታቸው ላይ ተልጠው ሽቦው ይታያል፤ አንዱ ደግሞ በአንድ በኩል ጠምዝዤ ካልያዝኩት አይሞላም።